ናፍጣ የጠጣው መሬት ይመርመር!

እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ የሚባል ነገር አለ። ናፍጣም እንደዚያው ነው። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ጠብ ይላል፤ ጋራዥ ውስጥ ይደፋል፤ ጀልባ ሲሞላ ከበርሜሉ ይፈሳል። አፈሩ ይጠጣውና "አለቀ" እንላለን። ኧረ አላለቀም! ገና ጉዞውን መጀመሩ ነው።

የጣቁሳዋን ደልጊን እንውሰድ። ጣና ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል የሚመላለሰው ጀልባ ለአሥርት ዓመታት ሰውና ዕቃ ሲያወርድባትና ሲጭንባት ኖሯል። ሞተር ካለ ናፍጣ አለ፤ ናፍጣ ካለ በርሜል አለ፤ በርሜል ካለ ደግሞ መንጠባጠብ አለ። ይህን ስንል እገሌ በከለ ብለን ጣት ለመቀሰር አይደለም። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ከደልጊ እስከ ባሕር ዳር፣ በሐይቁ ዙሪያ ናፍጣ በሚከማችበትና በሚቀዳበት ሥፍራ ሁሉ አፈሩና የጉድጓዱ ውኃ ይመርመር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር።

ለምን ቢባል፣ ናፍጣ ከውኃ ይቀላል። አፈሩን አልፎ ይወርድና የከርሰ ምድር ውኃ ሲያገኝ ከላይ ይንሳፈፋል። በክረምት ውኃው ከፍ ሲል አብሮ ይወጣል፤ በበጋ ሲሸሽ አብሮ ይወርዳል። በዚህ መሀል አፈሩን ከላይ እስከ ታች ይለቀልቀዋል። ዋልካ መሬት በበጋ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ ገበሬው ያውቃል፤ ያ ስንጥቅ ለናፍጣ የተከፈተ በር ነው። ከናፍጣው የሚሟሟው ደግሞ ከውኃው ጋር ተጉዞ የጎረቤት ጉድጓድ ይገባል። እንዲህ ያለውን ውኃ ማፍላትም ሆነ ውኃ አጋር መጨመር አስተማማኝ መድኃኒት አይሆነውም። እነዚያ ለጀርም እንጂ ለናፍጣ አልተሠሩም። ታዲያ ጀሪካኗን አዝላ ከጉድጓድ የምትቀዳው እናት በምን ትመካ?

ማጋነን የሚመስለው ካለ ወደ ናይጄሪያ ይመልከት። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የኦጎኒን ምድር መርምሮ በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በሚባል ሥፍራ፣ ከነዳጅ ቧንቧ አጠገብ፣ የመጠጥ ጉድጓዶችን በሚመግበው የከርሰ ምድር ውኃ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነዳጅ ተንሳፍፎ አግኝቷል። ሰው በሚጠጣው ውኃ ውስጥም አንድ ካንሰር አምጪ ኬሚካል የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ከ900 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ ይህን ያወቀው የመረመረ ስለተገኘ ነው።

በሩሲያ ኖሪልስክ ደግሞ ግንቦት 2012 ዓ.ም. የናፍጣ ማጠራቀሚያ ተደርምሶ 20 ሺህ ቶን ገደማ ፈሰሰ። ወንዙ ቀላ፤ ዓለም አየ፤ ፍርድ ቤት ኩባንያውን 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስከፈለው። ትልቁ ጥፋት ዓይን ያወጣል። በየቀኑ የሚንጠባጠበውን ግን ማን ያየዋል?

በእኛ አገርስ? ግንቦት 2010 ዓ.ም. የለገ ደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ የታገደው የሻኪሶ ነዋሪ ጤናችን ታወከ ብሎ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። እዚያ የተጠረጠረው ናፍጣ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ምርመራ ጩኸት ተከትሎ መምጣት የለበትም።

በጣና ላይ እንቦጭ ከታየ ወዲህ ባለሥልጣናቱ ስንት ዘመቻ ጠሩ! ይሁን፣ አረሙ ይነቀል። ነገር ግን አረሙ ለካሜራ ይመቻል፤ ከመሬት በታች ያለው ናፍጣ ፎቶ አይነሳም። ፎቶ የማይነሳ ነገር አጀንዳ አይሆንም ማለት ነው? ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ሲመዘገብ ያጨበጨብነው ላዩን ብቻ ለመጠበቅ ነበር እንዴ?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕጉ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። በአንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው፣ ጉዳት በግሉ ባይደርስበትም፣ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄጃ 60 ቀን አለው። ይህን መብት ስንቱ ቀበሌ ለነዋሪው ነግሮ ያውቃል?

ምርመራው ተአምር አይጠይቅም። በመጀመሪያ በርሜሉና ታንከሩ የት እንደነበረ የድሮ ሠራተኞች ይጠየቁ። ውኃው ወደየት እንደሚፈስ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ይቆፈር። ናሙናው በፕላስቲክ ሳይሆን በጠርሙስ ታሽጎ፣ ሳይሞቅ ላቦራቶሪ ይድረስ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም እዚያው ደጃፍ ላይ እያለ "ባለሙያ ጠፋ" የሚል ምክንያት አይዋጥልንም። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ እሰየው፣ ሕዝቡ ተረጋግቶ ይጠጣ። ካልሆነም ጉድጓዱ ይዘጋ፣ ሌላ ውኃ ይቅረብለት፣ ያጠፋውም ይክፈል።

ናፍጣው የማን እንደሆነ ምርመራው ይናገራል። ውኃው ግን የሕዝብ ነው። ይመርመር!