ለጊዜ ቀጠሮ እስር ገደብ ይበጅለት፦ ከጅማና ከአካባቢዋ የቡና ከተሞች የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ እና በሸቤ በቡና ልማት፣ በለቀማና በንግድ የምንተዳደር የማኅበር አባላት፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ማሻሻያን በተመለከተ በጠቅላላ ጉባኤያችን ተወያይተን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

የወንጀል ምርመራና ክርክር በአገራችን ለአሥርት ዓመታት የተመራው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ወንጀልንና ቅጣትን የሚደነግገው የ1949ኙ ሕግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተተክቶ ከግንቦት 1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ሥነ ሥርዓቱ ግን ባለበት ቀረ። አዲስ የወንጀል ሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ ረቂቅም ለዓመታት ሲዘጋጅና ሲከለስ ኖሯል። እኛ ዋና ጉዳያችን የምናደርገው በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለውን አንድ ክፍተት ነው፤ እሱም ጊዜ ቀጠሮ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 59 ደግሞ ምርመራው ካልተጠናቀቀ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ጊዜ ቀጠሮ ሊፈቅድ እንደሚችል ይናገራል። ስንት ጊዜ ሊፈቀድ እንደሚችል ግን አልወሰነም። ሁለት ጊዜ ከተፈቀደ 28 ቀን ይሆናል። ይህ ለቡና ለቃሚ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ነውና። የቡናው ለቀማ የሚጧጧፈው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ጥቂት ወራት ስለሆነ፣ በኅዳር ወር ለ28 ቀን የታሰረ ሰው የዓመቱን ገቢ አብዛኛውን ያጣል። በመጨረሻ ክስ ሳይመሠረትበት ቢለቀቅም የጠፋበትን የሚመልስለት የለም።

በቡና ስርቆት ተጠርጥሮ ስለሚያዝ ለቃሚ ይህን የምንለው ስርቆትን አቅልለን አይደለም። ሌሊት እሸት ቡናው ከእግሩ ሥር ተሸልቶበት የሚያድረው ገበሬ የማኅበራችን አባል ነው፤ ቁጣው እውነተኛ፣ አቤቱታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ገበሬውም ከተራዘመ እስር አይጠቀምም። የተያዘው እሸት ቡና በኤግዚቢትነት ፖሊስ ጣቢያ ከተቀመጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል፤ እሸት ቡና በጊዜ ካልተፈለፈለ ወይም ካልተሰጣ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሕጉ የሚበላሽ ምርት ተመዝኖ፣ ፎቶ ተነሥቶና በምስክሮች ተፈርሞ ወዲያው ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ ባለቤትነቱ አከራካሪ ከሆነም ተሽጦ ገንዘቡ በአደራ እንዲቀመጥ በግልጽ ይደንግግ። የተሰረቀበት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ መክሰር የለበትም።

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ተራ ስርቆት በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስለዚህ በመርህ ደረጃ ዋስትና የሚከለክል ወንጀል አይደለም። ችግሩ ዋስ ማግኘት ላይ ነው። ከዳውሮ፣ ከካፋ ወይም ከየም ለለቀማ መጥቶ በሰው ግቢ የሚያድር ወጣት አጋሮ ላይ ማን ዋስ ይሆነዋል? ለከተማ ነጋዴ ቀላል የሆነው የዋስትና ገንዘብ ለእሱ ከብዙ ሳምንታት ድካሙ በላይ ነው። የዋስትናው መጠን በተጠርጣሪው አቅም ይለካ፤ ያሠራው ገበሬ ወይም የመጣበት ቀበሌ ዋስ መሆን ይችል፤ በቀላል ጉዳዮች የግል ግዴታ ፈርሞ መለቀቅ የተለመደ አሠራር ይሁን። ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቅ ያለውን ሰው ይዞ ማቆየት በየትኛውም ምክንያት ተቀባይነት የለውም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ይህን ድርጊት ደጋግሞ ነቅፏል። ሕጉ ትእዛዙን ባልፈጸመው ኃላፊ ላይ የግል ተጠያቂነት ማስከተል አለበት።

እንደ እኛው ቡና አምራች የሆነችው ኬንያ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት፣ በገንዘብ ብቻ ወይም ከስድስት ወር በማይበልጥ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ማንም ሰው በማረፊያ ቤት እንዳይቆይ ከልክላለች። እኛም ሕጉ ለቀላል ወንጀሎች የጊዜ ቀጠሮውን ጠቅላላ ጣሪያ በቁጥር እንዲያስቀምጥ እንጠይቃለን። ከአንድ ቀጠሮ በላይ ሲጠየቅ መርማሪው እስከዚያ ቀን የሠራውን በጽሑፍ ያቅርብ። የአስተርጓሚና የተከላካይ ጠበቃ ድጋፍም ከችሎት ሳይሆን ከፖሊስ ጣቢያ ይጀምር፤ አፋን ኦሮሞም ሆነ አማርኛ በቅጡ የማይሰማ ሰው የሰጠው ቃል የእሱ ቃል ነው ለማለት ያስቸግራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነጻ የሚሰጠው የሕግ ድጋፍ የሚመሰገን ቢሆንም፣ የመንግሥትን ግዴታ ሊተካ አይችልም።

ጨፌ ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች እውቅና መስጠቱን እንደግፋለን። ሽምግልና ብዙ ጠብ ያበርዳል፤ ዘመድ የሌለው ለቃሚ ከእስር ለመውጣት ሲል ያላጠፋውን አምኖ እንዲታረቅ መገፋት ግን የለበትም።

እንደኛ ያለ ማኅበር ይህን መናገር መብቱ እንደሆነም እናስታውሳለን። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብትና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር፤ ያ ክልከላ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተነሥቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43ም ማኅበረሰብን የሚመለከት ፖሊሲ ሲወጣ ዜጎች ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአዲስ አበባ አዳራሽ ብቻ የሚካሄድ የሕዝብ ውይይት ይህን መብት አያሟላም።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ለሕዝብ ክፍት የሆነ ውይይት እንዲያካሂድ፣ የረቂቁን ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አስቀድሞ እንዲያሰራጭ፣ ቀኑም ከለቀማ ወራት ውጭ እንዲሆን እንጠይቃለን። ከዞናችን የተመረጡ የምክር ቤቱ አባላት ሕጉ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት በእነዚህ ነጥቦች ላይ ያላቸውን አቋም ለመራጮቻቸው በይፋ እንዲያሳውቁ እናሳስባለን። የአካባቢያችን ነዋሪዎች በሙሉ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አዘጋጅታችሁ በየወረዳችሁ ላሉ ተወካዮች እንድታደርሱ ጥሪ እናቀርባለን።