ከመሣሪያው በፊት መምህሩን

«ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ ዛሬ ከማንም ይልቅ የሚስማማው «በኮምፒውተር አስተምር» ለተባለው የወረዳ መምህር ነው። ከበሮውን ማስያዝ ቀላል ነው፤ አመታቱን ማስለመድ ግን ጊዜም ሰውም ይጠይቃል። ስለ ትምህርትና ስለ ቴክኖሎጂ በሚነገረው ሁሉ ውስጥ የመሣሪያው ነገር ጎልቶ ሲሰማ የመምህሩ ነገር እምብዛም ስለማይነሣ፣ በዚህ ጉዳይ ጥቂት ለማለት ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩን ከአንድ ከተማ ላይ ሆነን ብንመለከተው ይቀለናል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና የወረደ መንገደኛ፣ ከሸዋ ሮቢት ቀጥሎ አጣዬን ያገኛል። የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ሙቀቱ የበረታ፣ ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት የይፋት ቆላ ነው። በ2013 ዓ/ም በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በደረሰው ግጭት ብዙ ቤቶች ተቃጥለው ሕዝቡ ተሰዷል፤ በ2014 ዓ/ም ኅዳር ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት በዚያው መንገድ እስከ ሸዋ ሮቢትና ከዚያም አልፎ ዘልቋል። እንዲህ ያለ መከራ ያለፈባት ከተማ በቅድሚያ የምትሻው ጣሪያና ጥቁር ሰሌዳ ነው፣ ኮምፒውተር ኋላ ይደርሳል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም።

ነገር ግን ፈተናው አይጠብቅም። በ2016 ዓ/ም ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች ከፊሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ፈንታ በኮምፒውተር ተፈትነዋል፤ በ2017 ዓ/ም በዚህ መንገድ የተፈተኑት ቁጥር ከፍ ብሏል። ፈተናው ምን ያህል ጠባብ በር እንደ ሆነ ደግሞ የታወቀ ነው። በ2014 ዓ/ም ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ/ምም ቢሆን 8.4 ከመቶ ነበሩ። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ልጅ ጋራ ለአንድ በር የሚሽቀዳደም የአጣዬ ልጅ፣ መልሱን እያወቀ ማውሱን ማንቀሳቀስ ተስኖት ደቂቃዎች ቢያመልጡት፣ የተመዘነው ዕውቀቱ ነው ወይስ ቀድሞ ያላገኘው ዕድል? ይህን ጉድለት ሊሞላለት የሚችለው የቅርብ ሰው መምህሩ ነው። መምህሩም ራሱ ያልለመደውን ሌላውን ሊያስለምድ አይችልም።

መምህር በዚህ ረገድ ምን ምን መቻል እንዳለበት የሚያስረዳ መመዘኛ በዓለም ላይ አልጠፋም። ዩኔስኮ የመምህራንን የቴክኖሎጂ ብቃት መመዘኛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 አወጣ፤ በ2011 አሻሻለው፤ በ2018 ደግሞ ሦስተኛውን እትም አቀረበ። በዚህ እትም 18 ችሎታዎች በሦስት ደረጃ ተዘርዝረዋል፤ ይኸውም ዕውቀትን መቅሰም፣ ዕውቀትን ማጥለቅና ዕውቀትን መፍጠር ነው። ዝርዝሩን በጥሞና ላነበበ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት። መመዘኛው ከተከፈለባቸው ስድስት ዘርፎች መካከል ስለ መሣሪያው አጠቃቀም የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት አምስቱ ስለ ፖሊሲ፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርትና ስለ ምዘና፣ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ አደረጃጀትና አስተዳደር፣ መምህሩም ራሱን ስለ ማሻሻሉ ይናገራሉ። መመዘኛው የመምህር መመዘኛ እንጂ የዕቃ ዝርዝር አይደለም ማለት ነው።

ይህን ነገር ከባዕድ መጽሐፍ ሳንቆይ በራሳችን ላይ ከደረሰው ልንማረው እንችል ነበር። ከ1997 ዓ/ም ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ገብተው፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ በሳተላይት ይሰራጭ ጀመር። በየአገሩ ያለው ተማሪ ሁሉ እኩል ትምህርት ያግኝ የሚለው አሳብ መልካም ነበር። ለክፍሉ መምህር የተተወለት ግን በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ተማሪው ሳይገባው እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። ይህ ጸሐፊ በተማረበት ትምህርት ቤት ፕላዝማው በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉ ከማን ዘንድ እንዳለ ስንጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይመራን እንደ ነበር አስታውሳለሁ። መሣሪያው የመምህሩ ስላልነበረ የሚቆረቆርለትም አልተገኘም።

ታዲያ መምህሩን መርዳት ማለት ምን ማለት ነው? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ጊዜ ነው። ባገራችን መመሪያ መሠረት እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዋል ይገባዋል። ብዙ መምህራን ግን ይህ ሰዓት ቅጽና ማኅደር በመሙላት እንደሚያልቅ ይናገራሉ። ከዚህ ውስጥ 20ው ሰዓት እንኳ መምህሩ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ ለሚመጣው ሳምንት የሚያስተምረውን አንድ ትምህርት እንዲያዘጋጅበት ቢደረግ፣ አዲስ በጀት ሳያስፈልግ ትልቅ ሥራ በተሠራ ነበር።

ሁለተኛው የቅርብ ረዳት ነው። ሦስት ቀን በአዳራሽ ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ መምህር፣ በአራተኛው ቀን ኮምፒውተሩ እንቢ ሲለው የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤቶቻችን በጉድኝት የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ የሁለተኛ ደረጃው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር በወር አንድ ቀን ለጎረቤቶቹ ቢመደብ፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁም ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ቢያሰማሩ፣ ረዳቱ ከሩቅ አይፈለግም።

ሦስተኛው ለቦታው የሚስማማ ትምህርት ነው። የሂሳብ መምህሩ የማሾን የገበያ ዋጋ ተማሪዎቹ ለአንድ ወር እንዲመዘግቡ አድርጎ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በሠንጠረዥ ቢያሰፍረውና አማካዩን ቢያሳያቸው፣ ኢንተርኔት ሳያሻው ከመመዘኛው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ እግሩን አሳረፈ ማለት ነው። መብራት በጠፋ ዕለት ያንኑ ሠንጠረዥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይቀጥለዋል እንጂ ትምህርቱ አይቋረጥበትም።

«ኮምፒውተር በሌለበት ሥልጠና ምን ይረባል?» የሚለውን መከራከሪያ አልንቀውም። በባዶ እጅ የሚለመድ ሙያ የለም። መንግሥትም በ2012 ዓ/ም የዲጂታል ኢትዮጵያን ስልት አጽድቋል፤ በ2016 ዓ/ም ደግሞ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን በነጻ የሚያሠለጥነውን የኮደሮች መርሐ ግብር ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋራ ጀምሯል። እኔ የምለው መሣሪያው ይቅር አይደለም፤ ለመሣሪያው ከሚወጣው እያንዳንዱ ብር ላይ ለመምህሩ ድርሻ ይቆረጥለት ነው። ድርሻው ካልተቆረጠ ግን ኮምፒውተሩም እንደ ፕላዝማው ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

በየወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የተቀመጣችሁ፣ ነገም የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፣ የሪፖርቱን ቅጽ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። እስከ ዛሬ የሚጠየቀው «ስንት ኮምፒውተር ደረሰ?» የሚል ነው። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት፤ «በዚህ ወር ስንት መምህር በኮምፒውተሩ ራሱ አስተማረበት?» በሉ። የመጀመሪያው መልስ ባዶ ቢሆንም አትፈሩት፤ ለአጣዬ ልጅ የሚበጀው ያማረ ሪፖርት ሳይሆን እውነተኛው ቁጥር ነው።