ራሱን ለማዳን የተኮሰ ሰው ለፖሊስ ስለሚሰጠው ቃል

በወረዳ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉና አማርኛ መማር የጀመሩ አንድ አንባቢያችን እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፤ «ፈቃድ ያለው ጠመንጃ በቤቴ አለ። ሌሊት ሰው ገጀራ ይዞ ቢገባብኝና ነፍሴን ለማዳን ብተኩስ፥ በፖሊስ ፊት ምን ብዬ ልናገር?» ጥያቄው የሰዋስው ብቻ አይደለም፤ በአንዲት ግስ አረባብ ሰው ሊጎዳ ይችላልና የዛሬውን ገጻችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲደነግግ፥ ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፥ በሌላ መንገድም ሊመለስ የማይቻል እንዲሆን ይጠይቃል፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመዛዘነ መሆን አለበት። እንግዲህ መርማሪው የሚፈልገው መተኮስዎን ብቻ ሳይሆን መቼና ለምን እንደ ተኮሱ ጭምር ነው።

የአማርኛ ግስ ጠባይ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። «ሊመታኝ ሲል ተኮስሁ» ያለ ሰው አደጋው በመምጣት ላይ እንደ ነበረ ይናገራል። «መትቶኝ ነበርና ተኮስሁ» ያለው ግን ብድሩን የመለሰ ይመስላል። «ልግደለው ብዬ ተኮስሁ» ማለት ደግሞ አሳቡ መግደል እንደ ነበረ በገዛ አፍ መመስከር ነው፤ ቋንቋውን ያለመደ ሰው ግን «ብዬ»ን እንዲያው ለማያያዣ ያህል ሲያስገባት ብዙ ጊዜ እንሰማለን። «መታ» የሚለው ቃል ለቡጢም ለዱላም ለጥይትም ያው ስለ ሆነ፥ በምን እንደ መታ ካልተነገረ የአደጋው መጠን አይታወቅም። «ገደልሁት» የሚለውም ሐኪም ሳያየው የሚነገር ቃል አይደለም።

«ደነገጥሁ» እና «ተናደድሁ»ም ይለያያሉ። ከመከላከል ወሰን አልፎ የተገኘ ሰው ያለፈው በፍርሃት ወይም በድንጋጤ እንደ ሆነ፥ ፍርድ ቤት ያለ ቅጣት ሊተወው እንደሚችል አንቀጽ 79 ይፈቅዳል፤ ንዴት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ስንል ቃል ይቀመር ማለታችን አይደለም። ያልነበረውን «ሊመታኝ ሲል» ማለት ሐሰት ነው፤ ቁስሉ በጀርባ ከሆነም ሐኪሙ ያየዋል።

የመጀመሪያው ቃል አጭር ይሁን። «ገጀራ ይዞ ቤቴ ገብቶ ሊመታኝ ሲል ተኮስሁ። የቆሰለ ሰው አለና ሐኪም ይምጣ። ጠመንጃው ከጠረጴዛው ላይ ነው፤ ገጀራው በደጃፍ ወድቋል፤ ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምቷል። የቀረውን ጠበቃዬን ካነጋገርሁ በኋላ እናገራለሁ።» ገጀራውም ቀለሁም ከወደቁበት አይነሡ። ስንት ጥይት እንደ ተተኮሰና ስንት እርምጃ እንደ ነበረ በግምት አይናገሩ፤ ከድንጋጤው ሳይወጣ «በትክክል አላስታውስም» ያለ ሰው አልዋሸም።

በአገራችን ዝም ያለ ሰው እንደ በደለኛ ይታያል። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19፥ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፥ ላለመናገርም መብት እንዲኖረው፥ የተናገረው በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም እንዲገለጽለት ደንግጓል። በ48 ሰዓት ውስጥም ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቈጠርም።

«በሚገባው ቋንቋ» የሚለውን ልብ ይሏል። አማርኛን ከትግርኛ ቀጥለን የተማርን እኛ፥ ባለሥልጣን በስብሰባ መካከል አማርኛውን ሲሞክር ደስ ይለናል፤ ፖሊስ ጣቢያ ግን የመለማመጃ ቦታ አይደለምና አስተርጓሚ መጠየቅ አያሳፍርም። ቃሉ ከተጻፈ በኋላም ቀስ ተብሎ ይነበብልዎ። እርስዎ «ተኮስሁ» ያሉት በመዝገቡ «ገደልሁ» ተብሎ ከተገኘ፥ ሳይፈርሙ በፊት እንዲታረም ይጠይቁ።