ግብር በሕግ እንጂ በድርድር አይከፈልም



ግብር የዜግነት ግዴታ ነው። ፓርቲያችን የሚቃወመው ገማቹና ነጋዴው በር ዘግተው የሚደራደሩበትን አሠራር ነው።

እስከ ዛሬ የተሞከረውን መድኃኒት እንመርምር። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 587 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሲቋቋም ግብር የመሰብሰብ፣ የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን በአንድ መሥሪያ ቤት ተጠቃለለ። በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ ቁጥር 155 ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውን ሠራተኛ ያለ መደበኛ የዲሲፕሊን ሥርዓት እንዲያሰናብት ፈቀደ፤ የተሰናበተው በማንኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው እንዳይመለስም ከለከለ። ውጤቱስ? በግንቦት 2005 ዓ.ም. ዋና ዳይሬክተሩ አቶ መላኩ ፈንታና ምክትላቸው ራሳቸው በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ክሳቸውም በ2010 ዓ.ም. ተቋረጠ። በግለሰቦቹ ላይ አንፈርድም። ነገር ግን ተራውን ሠራተኛ ሳይሰሙ ማባረር ሙስናን እንዳልነቀለ ሕዝብ አይቷል።

የሙስናው ሥር ሌላ ቦታ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የነጋዴው የቀን ገቢ በግምት ሲተመን በአምቦና በወሊሶ ሱቆች ተዘጉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የሚያመለክት ግብር ከፋይ ከተከራከረበት ታክስ 50 በመቶውን አስቀድሞ እንዲከፍል ደንግጓል። ድሃ ነጋዴ ይህን ከየት ያመጣል? ይግባኙ ከጉቦው ሲወደድ ያሸነፈው ጉቦው ነው።

ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ወረታ ደረቅ ወደብ ተሠርቶባታል። የአንድ ፊርማ መዘግየት የሩዝ ነጋዴውን፣ የመፈልፈያ ባለቤቱንና የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪውን ያከስራል፤ ኪሳራውም መጨረሻ ላይ በገበሬው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. ማንኛውም የግብር ግምት ስሌቱና ምክንያቱ በጽሑፍ ለግብር ከፋዩ ይሰጣል።
2. ለአነስተኛ ነጋዴ የይግባኝ ቅድመ ክፍያ እንዲነሳ የሕግ ማሻሻያ እናቀርባለን።
3. ግብር የሚገምት ሰው ቅሬታ ሰሚ አይሆንም።
4. የጉምሩክ ፍተሻ የጊዜ ገደብ ይወጣለታል፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ ኃላፊ ይጠየቃል።
5. በሙስና የተጠረጠረ ሁሉ፣ ከጸሐፊ እስከ ሚኒስትር፣ በእኩል ሕግ ይዳኛል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አንቀጹ ከወረቀት ወርዶ በግብር መሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ እንዲታይ ድምፃችሁን ስጡን!

የፓርቲው ጸሐፊ