የከተማችሁን እጅ ያሰረው ማን ነው?

እህቴ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው የምትኖረው። ባለፈው ስለ መሣሪያ ግድያ ስናወራ «ምን እናድርግ? የፕሬዝዳንት ምርጫ ሲመጣ እንመርጣለን፣ በቃ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። አሜሪካ ላላችሁ ሁሉ ይድረስ።

እስቲ ከእሷ ብዙ ከማይርቀው ከቦልደር ልነሳ። የቦልደር ከተማ ምክር ቤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) የጦር ሜዳ ጠመንጃ የሚመስሉ ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያዎችን ከለከለ። የወሰኑት ነዋሪው የመረጣቸው ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ግዛቱ በ2003 ያወጣው ሕግ ከተሞች እንዲህ ዓይነት ክልከላ እንዳያወጡ ያግድ ነበር። ማርች 12 ቀን 2021 ዳኛ «ከተማው ደንቡን ማስፈጸም አይችልም» ብሎ ወሰነ። ማርች 22 እዚያው ቦልደር፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ 10 ሰው ተገደለ።

አልዋሽም፤ ገዳዩ መሣሪያውን የገዛው ሌላ ከተማ ነው። ደንቡ ቢጸና ያስቆመው ነበር ብዬ አልምልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሬሳውን የሚያነሳው ከተማው፣ ለቅሶው የከተማው፣ «አትወስኑ» የሚባለውም ከተማው! ይሄ ምን ዓይነት ራስን ማስተዳደር ነው?

የኮሎራዶ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ40 በላይ ግዛቶች እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው። ፍሎሪዳ ውስጥማ የመሣሪያ ደንብ ያወጣ የአካባቢ ባለሥልጣን ከራሱ ኪስ እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ፣ ከሥልጣኑም ሊነሳ ይችላል።

ደጋፊዎቹ «በየከተማው ሕጉ ከተለያየ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ሳያውቀው ወንጀለኛ ይሆናል» ይላሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። መልሱ ግን ከተማውን ማሰር ሳይሆን ማሳወቅ ነው። ቨርጂኒያ በ2020 ከተሞች በፓርኮቻቸውና በሕንፃዎቻቸው መሣሪያ እንዲከለክሉ ስትፈቅድ፣ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጥፉ አለች። አለቀ። ሐበሻ የሞላባት አሌክሳንድሪያም ወዲያው ከለከለች።

ቨርጂኒያ ይህን ያደረገችው እንዴት ነው? በ2019 ሕዝቡ የግዛቱን ምክር ቤት ስለቀየረ ነው። የዚያን ዓመት የፕሬዝዳንት ምርጫ አልነበረም! ኮሎራዶም ከቦልደሩ ግድያ ሦስት ወር በኋላ ያንን የ2003 ሕግ ሻረች። አሁን ከተማው ከግዛቱ ሕግ የጠበቀ እንጂ የላላ ማውጣት አይችልም። ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። የሻረውም ያው የግዛቱ ምክር ቤት ነው፣ ዋይት ሐውስ አይደለም።

ስለዚህ ዜግነት ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የፕሬዝዳንቱን ምርጫ ሌሊቱን ሙሉ እየተከታተላችሁ የግዛት ምክር ቤት ተወካያችሁን ስም የማታውቁ ከሆነ፣ ስለ መሣሪያ ሕግ አታማርሩ። ከተማችሁን የሚያስረውም የሚፈታውም እሱ ነው። እህቴ፣ አንቺንም ነው! ልጆችሽን ይዘሽ ሱፐርማርኬት ትገቢያለሽ።

ስሙን ዛሬውኑ ፈልጉ። ቸር ሰንብቱ።