አያት ለምርቃት ብቻ አይደሉም

እስቲ ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ከአያታችሁ ጋር ሆናችሁ አንድ ነገር «ያያችሁት» መቼ ነው? ልብ በሉ፣ «የጠየቃችኋቸው መቼ ነው?» አላልኩም። ለፋሲካ ሄዶ ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ፣ ዶሮ በልቶ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ መውጣት መጠየቅ ነው። እሱም መልካም ነው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እያያችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እሳቸውም እናንተም ሳታውቁት አብራችሁ የጠበቃችሁት ነገር አለ ወይ?

አብዛኞቻችን እዚህ ላይ ዝም እንላለን። አያቶቻችንን የያዝናቸው እንደ ምርቃት ባንክ ነው። በዓል ሲደርስ ሄደን እናወጣለን፣ እስከሚቀጥለው በዓል አንመለስም። እነሱ ደግሞ እኛን የምክር ማስቀመጫ አድርገውናል። ይናገራሉ፤ እኛ «እሺ አባባ» እያልን ስልካችንን ከጠረጴዛ ሥር እንነካካለን። የሁለታችን የሆነ፣ የጋራ ወሬ የሚሆነን ነገር የለም።

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው፦ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚከታተሉት አንድ ሙሉ ወቅት ያስፈልጋቸዋል። አንድ ቀን ሳይሆን ወቅት! ለዚህ ምስክር አድርጌ የማቀርበው ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ የማታውቁትን የአሜሪካኖች ነገር ነው። ድራም ኮር ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ድራም ኮር ደግሞ ምንድን ነው?

የማርሽ ባንድ ታውቃላችሁ። የፖሊስ ወይም የመከላከያ ባንድ በበዓል ቀን እየነፋ ሲያልፍ አይታችኋል። ከዚያ ውስጥ ክላርኔቱን፣ ፍሉቱንና ሳክስፎኑን አውጡ። ትራምፔቱ፣ ቱባውና የከበሮው ዓይነት ሁሉ ይቆይ። አሁን ከጎዳናው አንስታችሁ የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ አቁሟቸው። በትልልቆቹ ቡድኖች ቁጥራቸው ከ150 ያልፋል። ኖታ የሚያይ የለም፣ ሁሉም በቃል ነው። እየነፉ ይሮጣሉ፣ እየነፉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ክብ ይሠራሉ፣ ይበተናሉ፣ ድንገት ደግሞ እንደ ክር ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። በመሃላቸው ባንዲራና የእንጨት ጠመንጃ ወደ ሰማይ ወርውረው የሚቀልቡ ተወዛዋዦች አሉ። ትርኢቱ ቢበዛ 12 ደቂቃ ቢሆን ነው። ዳኞች ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ። ፉክክሩ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በ2008 ፋንተም ሬጅመንት የተባለው ቡድን ዋንጫውን የወሰደው ብሉ ዴቭልስን በ0.025 ነጥብ በልጦ ነው!

ነገሩን የጀመሩት የሰፈር ሰዎች ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና ስካውቶች የየሰፈሩን ልጅ ሰብስበው ጥሩምባና ከበሮ አስያዙ። በ1972 ደግሞ ቡድኖቹ የመሠረቱት ድራም ኮር ኢንተርናሽናል የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ዋይትዋተር በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ አካሄደ። ዋንጫውን አናሃይም ኪንግስመን የተባለ የካሊፎርኒያ ቡድን ወሰደ። የፍጻሜው ውድድር ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተማ ዞሮ በ2009 የኢንዲያናፖሊሱ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ገባ።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። በ1972 ያ ሜዳ ላይ ከበሮ የመታ የ20 ዓመት ወጣት ዛሬ ከ70 አልፏል። በሕጉ መሠረት ደግሞ ክረምቱ ሲጀምር 22 ዓመት የሞላው ሰው ሜዳ አይገባም። ዕድሜህ ሲደርስ ትወጣለህ፣ አለቀ። የት ትሄዳለህ? መቀመጫው ላይ። ስለዚህ ሜዳው ሁልጊዜ የወጣት ነው፣ መቀመጫው ላይ ግን የትናንቱ ከበሮ መቺ የልጅ ልጁን ይዞ ተቀምጧል።

አንድ ቀን እና አንድ ክረምት

እኛ ጋ ዶፍ ሲወርድ እነሱ ጋ ፀሐይ ነው። (ክረምት ክረምት የምለው በእኛ ወር እየቆጠርኩ ነው፣ አትሳቁብኝ።) ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ቡድኖቹ በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራሉ። ሌሊት ይጓዛሉ፣ የትምህርት ቤት ጂምናዚየም ወለል ላይ ይተኛሉ፣ ቀን በፀሐይ ይለማመዳሉ፣ ማታ ያሳያሉ። የሚያሳዩት ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ያንኑ አንድ ትርኢት ነው።

«ታዲያ አንዴ ካዩት አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። አይበቃም። ሰኔ ላይ መጨረሻው ገና ያላለቀ ትርኢት ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ጠመንጃው ከእጅ ያመልጣል፣ ሰልፉ ይጣመማል። ሐምሌ ላይ አንዱ ክፍል ወጥቶ ሌላ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ነሐሴ ላይ ያው ትርኢት ሌላ ፍጥረት ሆኗል። ሰኔ ላይ ጠመንጃዋ የወደቀባትን ተወዛዋዥ በዓይኑ የያዘ የ9 ዓመት ልጅ ነሐሴ ላይ ስትቀልበው ሲያይ እሱ ራሱ የቀለበው ያህል ይዘላል። ጎኑ ያሉት አያትም ያችኑ ልጅ ያውቋታል። ሁለቱም ልባቸው ተንጠልጥሎ የጠበቁት ነገር ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት አያቶቻችን ስንት ጊዜ ነገሩን? እንቁላሉ በእግሩ ሲሄድ ግን አብረን አላየንም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ምክር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አብሮ የታየ ነገር ግን ሁለቱንም እኩል ያስቀምጣል፤ የ70 ዓመቱም የ9 ዓመቱም ውጤቱን አያውቁም።

መጠበቅም ቢሆን የጋራ ሲሆን ይጣፍጣል። ቦስተን ክሩሴደርስ የተባለው ቡድን የተመሠረተው በ1940 ነው። የመጀመሪያውን የድራም ኮር ኢንተርናሽናል ዋንጫ ያነሳው በነሐሴ 2025 ነው። በመሃሉ 85 ዓመት አለ! የዚህ ቡድን ደጋፊ መሆን ማለት አያት የጀመረውን ተስፋ የልጅ ልጅ ተቀብሎ መያዝ ማለት ነበር።

ጠብ ይኑራቸው

አሁን ወደማልጠበቅበት ነገር ልግባ። አያትና የልጅ ልጅ መጣላት አለባቸው ባይ ነኝ። ጥሩ ጠብ ማለቴ ነው።

ድራም ኮር ለጠብ የተመቸ ነው። ድሮ የሚነፋው ጥሩምባ አንድ ዓይነት ቅኝት ያለው ብቻ ነበር። በ2000 ሕጉ ላላ። በ2004 ማይክሮፎን ተፈቀደ። በ2009 የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ገቡ። በየጊዜው «ከዛሬ ጀምሮ ድራም ኮር ሞቷል!» ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። በየጊዜውም «አሁን ገና ጣፈጠ» ያሉ ልጆች ነበሩ።

ይህ ክርክር ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? እኛስ ቤት «ኪቦርድ የገባ ዕለት ሙዚቃ አለቀ» የሚሉ አባቶች የሉም? ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፤ የእኛ ክርክር ሁለቱ ወገኖች በየቤታቸው ሆነው የሚያካሂዱት ነው። አባባ የድሮውን በሬዲዮ ይሰማሉ፣ ልጁ የዛሬውን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፣ ማንም የማንንም አልሰማም። እዚያ ያሉት ግን የተጣሉበትን ነገር አንድ ወንበር ላይ ሆነው፣ በአንድ ምሽት አብረው ሰምተውታል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሦስት ሰዓት ቢከራከሩ ጠብ አይባልም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ጨዋታ ከየት ይገኛል?

ለእኛ ምን አገባን?

ያገባናል። መጀመሪያ እዚያው አሜሪካ ያሉትን ወገኖቻችንን አስቡ። ሴት ልጅ ወለደች ተብሎ አያት ከአዲስ አበባ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ዳላስ ወይም ወደ አትላንታ ይሄዳሉ። ለማረስ ሄደው ለማሳደግ ይቀራሉ። ልጅ ያድጋል፣ እንግሊዝኛው ይቀድማል። ከጥቂት ዓመት በኋላ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል የቀሩት ቃላት ሦስት ይሆናሉ፦ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ»። እናት ከሥራ እስክትመለስ ድረስ አያት በአንዱ ክፍል በዩቲዩብ የአማርኛ ድራማ ያያሉ፣ ልጅ በሌላው ክፍል ጌም ይጫወታል። አንድ ቤት፣ ሁለት አገር።

ድራም ኮር ለዚህ ቤት የሚሆን መድኃኒት ነው ስል ቃል ስለማይጠይቅ ነው። ማንም ለማንም አያስተረጉምም። ከዳላስ ሳን አንቶኒዮ የአራት አምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ እዚያም፣ አትላንታም በየሐምሌው በትልልቅ ስታዲየም ሲታይ ኖሯል።

«የፈረንጅ ጥሩምባ ለእማማ ምናቸው ነው?» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ግን ተሳስታችኋል! ጥሩምባው ለእማማ እንግዳ አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተዋል። «አርባ ልጆች» ተባሉ፣ የመንግሥቱም የሙዚቃ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያቀናበረው ዜማ እስከ 1974 የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ነበር። የነሐስ መሣሪያን ለአዲስ አበባ ጆሮ ካስለመዱት መካከል እንግዲህ ልጆች ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ መጣ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ ባንድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው ያገኘናቸው። ዛሬ 75 ዓመት የሆናቸው እማማ በወጣትነታቸው በትራምፔት የጨፈሩ ሰው ናቸው። ጠይቋቸው። ወይም አትጠይቋቸው፤ ስታዲየም ውሰዷቸውና ጥሩምባው ሲጮህ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ሌላውም ሰበብ ያው ነው። ወጪ አለው፤ አዎ፣ ትኬትም ቤንዚንም ብር ነው። ግን ክረምቱን ሙሉ ማለት 20 ትርኢት ማለት አይደለም። ሦስት ይበቃል፦ አንድ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ መሃል ላይ፣ አንድ መጨረሻ ላይ። ይጮኻል፤ አዎ፣ ለእማማ የጆሮ መድፈኛ ያዙላቸው። ከፍ ያለ ቦታ ተቀመጡ፣ ሜዳው ላይ የሚሠሩት ቅርፅ በደንብ የሚታየው ከላይ ነው። ለማታው ብርድ ጋቢ ያዙ፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል።

ደንቡም ሦስት ነው። አያት፣ «በእኛ ጊዜ» የምትለዋ ቃል በአንድ ምሽት አንድ ጊዜ ብቻ ትፈቀዳለች። የልጅ ልጅ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ። እናትና አባት፣ እናንተ ቤት ቅሩ።

ስንት ክረምት ቀረ?

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡኝ «እኛስ?» ማለታችሁ አይቀርም። ድራም ኮር የለንም፣ ወቅት ግን ሞልቶናል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ነው። አባባን አርሰናል አስደግፏቸውና የመጠበቅን ትርጉም አብራችሁ ተማሩ። ብሔራዊ ቴአትርና ሀገር ፍቅር አሉ። በየሳምንቱ የሚቀጥል ድራማ አለ፤ ግን አብራችሁ እንጂ «እሳቸው አይተውታል፣ እኔም በኋላ በስልኬ አየዋለሁ» አይሠራም። መስፈርቱ አንድ ነው፦ ተደጋግሞ የሚመጣ፣ እየተለወጠ የሚሄድ፣ ሁለታችሁም መጨረሻውን የማታውቁት ይሁን።

አትዘግዩ የምለው በሒሳብ ነው። ልጅ 8 ዓመት ሳይሞላው አርፎ አይቀመጥም። 15 ሲሞላው ከአያቱ ጋር መታየት ያፍራል። በመሃሉ ሰባት ክረምት አለ። ከሰባቱ ላይ የአያትን ጉልበት፣ ዓይንና ጆሮ ቀንሱ። የእናት የሥራ ፈረቃን፣ የቪዛውን ቀን፣ የአውሮፕላኑን ዋጋ ቀንሱ። ሦስት ክረምት ከተረፈ ዕድለኛ ናችሁ። በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ጭራሽ ተሰርዞ ነበር። ያን ዓመት «ለከርሞ እንሄዳለን» ብለው ካሳደሩት አያቶች መካከል ለከርሞ ያልደረሱም አሉ።

ጉልበት መሳሙን አልተቃወምኩም። ከሳማችሁ በኋላ ግን ቶሎ አትነሱ፣ ከጎናቸው ተቀመጡ። በሚቀጥለው እሁድ ሂዱና «አባባ፣ ምን እንይ?» በሏቸው። ምርቃቱን ከዚያ በኋላ ይጨምሩላችኋል።

ቸር እንሰንብት።