ባላደራ ሥራ አስኪያጅ መቼ ይጠራል?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ተጉዘህ ያወቅህ እንደ ሆነ ጎብዬን ሳታያት አልቀረህም። በመከር ጊዜ ማሽላው ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ሠራዊት ተሰልፎ ይታያል። ከማሽላው ወዲያ ደግሞ፣ ከመኪና መስኮት የማይታይ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር በሚሳብ ውኃ የሚለማ የሽንኩርትና የቲማቲም መሬት አለ። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ኩባንያዎች አስተዳደር ነው። ከሽንኩርት መጀመሬ እንዳይገርምህ፤ ነገሩ የገባኝ እዚያው መደብ ዳር ቆሜ ነውና።

በዚሁ አገር ካሉት የመስኖ ማኅበሮች ስሙን የማልጠራው አንዱ፣ ሥራ አስኪያጁ በታኅሣሥ ወር የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደበት። መሄዱ ነውር አይደለም። በእርሱ ፈንታ ከሠራተኞቹ አንዱ «ተጠባባቂ» ተብሎ ተቀመጠ፤ ቁልፍና ማኅተምም ተሰጠው። በጥር የጉድጓዱ ሞተር ተቃጠለ። ሞተሩን ወደ ኮምቦልቻ ወስዶ ለማስጠገን የሚበቃ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን ባንኩ የሚያውቀው የሄደውን ሰው ፊርማ ነው። ተጠባባቂው ኮሚቴውን ቢጠይቅ ኮሚቴው «ቋሚ ሰው እስኪቀጠር እንታገሥ» አለ። ወረዳው ቃለ ጉባኤ አምጡ አለ። ቃለ ጉባኤው እንዳይጻፍ ኮሚቴው ሊሞላ አልቻለም። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ሽንኩርት ደግሞ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም።

የልጃቸው መምህር ስለ ሆንሁ የሚያውቁኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ከደረቀው መደብ አንድ ራስ ሽንኩርት ነቅለው በመዳፋቸው እያገላበጡ፣ «አየህ መምህር፤ ገንዘቡ አለ፣ ሰውየውም አለ፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። የሌለው የሚፈርም እጅ ብቻ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ አባባ፣ ለምን አልጮኻችሁም?» ብላቸው፣

«በማን ላይ እንጩህ ልጄ? ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ እኮ ከእኛ ይልቅ እርሱ አሳዘነን» አሉ።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ «ተጠባባቂ» የሚለውን ቃል አልወደውም። ተጠባባቂ ማለት የሚጠብቅ ነው፤ ወንበሩን ይጠብቃል፣ ሹመቱን ይጠብቃል፣ የበላዩን ፊት ይጠብቃል። ባላደራ ግን ሌላ ነው። አደራ ተቆጥሮ የሚቀበሉት፣ ተቆጥሮም የሚመልሱት ነገር ነው። የቀድሞ አባቶቻችን ነገሩን አያውቁትም አይባልም፤ «ሞግዚት»፣ «እንደራሴ» የሚሉ ስሞች ነበሩአቸው። አፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ለጋ ወጣት ስለ ነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑ። በ1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ ሲሞቱ ግን በቦታቸው ሌላ ሞግዚት አልተተካም፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1909 ዓ.ም. የሆነውን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ባላደራውም ራሱ ሰው ነውና ተተኪ ያስፈልገዋል።

በአውሮፓ ይህ ሥራ ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በሆላንድ አገር፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ ቋሚ ሠራተኛን ማሰናበት በሕግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ ኩባንያዎች ልምድ ያለውን ሰው ለጥቂት ወራት በውል እያመጡ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሰውየው መጥቶ የተበላሸውን ያቃናል፣ ያስረክባል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።

እኛ አገር ግን ከዚያ አስቀድሞ ትልቅ ምሳሌ ነበረን፤ ይኸውም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር ውል ተፈረመ፤ ድርጅቱም በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው በረራ በመጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። ሥራ አስኪያጁ አሜሪካዊ፣ አብራሪውም አሜሪካዊ ነበረ። የንግድ አውሮፕላን የሚመራ ኢትዮጵያዊ ገና ስላልነበረ ሌላ መንገድ አልነበረም። ነገር ግን እንግዳው ብቻውን አልተቀመጠም፤ በአጠገቡ የሚማር ሰው ነበረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን ካፒቴን ሆኑ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ውሉ ተሻሽሎ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጁ ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም አሜሪካኖቹ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አሉ። በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ፤ በ1967 ዓ.ም. ውሉ በሙሉ አበቃ።

30 ዓመት ለጊዜያዊነት እጅግ ረጅም አይደለምን ትለኝ ይሆናል። ረጅም ነው። እኔ የማደንቀው ርዝመቱን ሳይሆን ደረጃውን ነው፤ በየጊዜው አንድ ወንበር ከእንግዳው እጅ ወጥቶ በባለቤቱ እጅ ይገባ ነበርና። በብር ኖታችን ላይም ይኸው ይታያል። በ1937 ዓ.ም. በወጣው ብር ላይ የፈረሙት የመንግሥት ባንክ ገዥዎች ብሎወርስ፣ ቤኔትና ሮዜል የተባሉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ ቀጥሎ በ1950ዎቹ በወጣው ብር ላይ ግን የአቶ ምናሴ ለማ ፊርማ አለ። የጎብዬው ሽማግሌ «የሚፈርም እጅ» ያሉት ይህን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደ አዲስ ሲቋቋም፣ አስተዳደሩ ለሁለት ዓመት ያህል ለፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም በውል ተሰጠ፤ ዣን ሚሼል ላቱት የተባሉ ፈረንሳዊም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። የሥራ ክፍሎቹ እንደ አዲስ ተደራጁ፤ በአዲሱ ድልድል ብዙ ነባር ሠራተኞች ቦታ ሳያገኙ ቀሩ፤ ብዙ ቤትም አለቀሰ። በ2005 ዓ.ም. አመራሩ ወደ ኢትዮጵያዊው አቶ አንዱዓለም አድማሴ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ስልኩ አልሰማ እያለ «ፈረንሳዮቹ ምን ሠሩ?» የሚል ብዙ ነበረ። ጥያቄው ግን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ሥራ አስኪያጅ የደመወዝ መዝገብ ያስተካክላል፣ ክፍል ከክፍል ያገናኛል፤ የሌለ አንቴና ግን ከደረቱ አያወጣም። መስመሩን የማስፋፋቱ ሥራ ሁዋዌና ዜድ.ቲ.ኢ. ከተባሉ የቻይና ኩባንያዎች ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል የጠየቀ ነበር፤ ይህም የተፈረመው በ2005 ዓ.ም. ክረምት ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች እኔ የተረዳሁት፣ ባላደራ የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት መሆኑን ነው። አንደኛው ወንበሩ ድንገት ባዶ ሲሆንና ሥራው የማይጠብቅ ሲሆን ነው፤ በሞት፣ በሕመም፣ በኩብለላ ቢሆን ልዩነት የለውም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ እኛ አይተነዋል፤ ሰው በየአቅጣጫው ሲበተን ፊርማም አብሮ ተበተነ። ሁለተኛው፣ እንደ አየር መንገዱ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ፈጽሞ ያልተገኘ እንደ ሆነ ነው።

ሦስተኛውን ስናገር የሚቀየመኝ አይጠፋም፤ ቢሆንም ልናገር። እኛ ይሉኝታ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ይሉኝታ በለቅሶና በሠርግ ቤት ጌጥ ነው፤ በሒሳብ ክፍል ግን ምስጥ ነው። አንድ ድርጅት ዕዳ ውስጥ ሲወድቅ፣ ሥራ አስኪያጁ ግምጃ ቤቱን የዘረፈውን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ክርስትና አንሥቶለታል፣ ወይም በአንድ እድር ናቸው፣ ወይም አባቱ ለአባቱ ውለታ ውሏል። እንግዳው ሰው ግን በከተማው እድርም ጎረቤትም የለውም፤ ነገ ይሄዳል። ስለዚህ መራራውን መድኃኒት የሚያጠጣ እርሱ ነው። ሲሄድ ቂሙንም ይዞልን ይሄዳል፤ ለዚህ አገልግሎቱ ብቻ እንኳ ደመወዝ የሚገባው ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ እንግዳ መሆን ብቻውን ጨዋነት አይደለም፤ ከሩቅ መጥቶ የሚሰርቅም አለ።

እንግዲህ መጠራት የሌለበት ጊዜም አለ። ምክትሉ ብቁ ሰው እያለ ከውጭ ባላደራ ማምጣት ምክትሉን በቁሙ መቅበር ነው፤ ለእርሱ ፊርማውን መስጠት ይበቃ ነበር። የቦርዱ አባላት እርስ በርሳቸው የተጣሉ እንደ ሆነ ደግሞ የሚመጣው ሰው ሁሉ በመካከል ይፈጫል። የተወሰነ ክፉ ውሳኔ በሌላ ሰው አፍ ለማስነገር ብቻ ባላደራ የሚጠሩም አይጠፉም፤ እነዚህን እግዜር ይያቸው።

ባላደራው ሲጠራ ምን ይጻፍለት? ሥልጣኑ እስከ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈርም በቁጥር፣ የሚሄድበትም ቀን በቀን ይጻፍ። ቀን ያልተጻፈለት ባላደራ ከርስተኛ አይለይም። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሊወድቅ በተቃረበበት በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረውን ስቲቭ ጆብስን «ጊዜያዊ» ብሎ ሾመው፤ በ2000 ጊዜያዊ የሚለው ቃል ከማዕረጉ ተነሣ፤ ሰውየውም እስከ 2011 ቆየ፤ ኩባንያውም በለጸገ። ይህን ታሪክ ለየመሥሪያ ቤቱ ተጠባባቂዎች መንገር የምፈራው፣ እያንዳንዱ ራሱን ጆብስ አድርጎ ወንበሩ ላይ እንዳይተኛ ነው።

ወደ ሽንኩርቱ ማኅበር ልመለስ። በየካቲት ጠቅላላ ጉባኤው ከግራር ሥር ተሰበሰበ፤ ጽሑፍ አዋቂ ነህ ተብዬ ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከሌላ ወረዳ የመጡ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ብዙ ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ለስድስት ወር ባላደራ እንዲሆኑ ተወሰነ። ያ የተጨነቀው ወጣት ተጠባባቂ ምክትላቸው ሆነ። «ፊርማቸው ዛሬውኑ ባንክ ይግባ» ሲባል ሁሉም እጅ አወጣ። የሚሄዱበትን ቀን ልጽፍ ስል ግን አንድ የኮሚቴ አባል፣ «ደግ ሰው ከሆኑ ምን አስቸኮለን? ክፍት ይተው» አሉ።

ያኔ እኒያ ሽማግሌ ከኋላ ተነሡ። «ክፍት አይተውም። መምህር፣ ነሐሴ 30 ብለህ ጻፍ። ደግሞ የሒሳብ ትምህርት ጨርሳ ከወልድያ የመጣችው የእኛ ልጅ ከዛሬ ጀምራ አጠገባቸው ትቀመጥና መዝገቡን ትይ። ይኸንንም ጻፍ።»

ጻፍሁ። ሞተሩ በሳምንቱ ከኮምቦልቻ ተመለሰ። የመጀመሪያው ሽንኩርት ግን አልተረፈም።